ልብስ ሰፊዋና ሁለቱ ማግኔቶች

ስለ አንድ ሰው «በሙያው ጥርሱን የነቀለ ነው» ሲባል ለአባባል ነው። በልብስ ሰፊዋ ግን አባባሉ እንዳለ ደረሰባት። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ክር የምትበጥሰው በጥርሷ፣ መርፌ የምታስቀምጠውም በጥርሶቿ መካከል ነበር። ደንበኞቿ «መቀስ የለሽም እንዴ?» ሲሏት፣ መርፌዎቹን እንደነከሰች «አብሮኝ የተወለደ መቀስ እያለኝ ሌላ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። ብዙ ዓመት አልፎ ድዷ መድማት ሲጀምር ናቀችው። ጥርሶቿ መነቃነቅ ሲጀምሩም ናቀችው። ሰው ሲታመም እንጂ ጥርስ ሲታመም ሥራ ይቀራል ብላ አታምንም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከላይ አንድም ጥርስ አልነበራትም፤ ከታች ግራና ቀኝ ሁለት ክራንቻዎች ብቻ ቀሩላት።

ለሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ማኘክና መሳቅ ላይ ያበቃ ነበር። እሷ ግን ባል ነበራት፤ ባሏ ደግሞ ዓለምን የሚሰማው በእሷ አፍ ነበር።

ባልየው ዕድሜውን የጨረሰው ላሜራ ቤት ነው። የውሃ ታንከርና የብረት በር ይሠራል፤ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ በብረት ላይ። ጆሮው በአንድ ቀን አልደነቆረም፤ እንደ ሳሙና እያለቀ ሄደ። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋበት፣ ቀጥሎ የበር ማንኳኳት፣ ቀጥሎ የልጁ ድምፅ። አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው የሚስቱም ተከተለ። ጠርተውት ዞር ስለማይል የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ ዳባ» የሚል ስም አወጡለት። ስሙን በወረቀት ጽፈው ሲያሳዩት ስቆ፣ «ልበስ የሚለውንስ ለማን አስቀራችሁት?» አላቸው። የጆሮ መሣሪያም ተገዝቶለት ነበር። ሁለት ቀን አድርጎት «ይሄ ነገር መዶሻውን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ እንዲመጣ አደረገው» አለና ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያስተምረው የሚስቱን ከንፈር ማንበብ ያዘ። ማታ ማታ ማዕድ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እንደ ተማሪ አፏ ላይ አፍጥጦ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አቀላጥፎ አነበበው። የእሷን ብቻ ነው ታዲያ። የሌላው ሰው አፍ ለእሱ የታሸገ ፖስታ ነበር። ባለሱቁ ሲናገር ወደ እሷ ይዞራል፤ እሷም ያንኑ ያለ ድምፅ በከንፈሯ ትደግምለታለች። አንዳንድ ፊደል ከፊደል አይለይም ነበር፤ «መ» እና «በ» ለዓይን አንድ ናቸው። አንድ ቀን ማር እንዲገዛ ብትልከው አምሽቶ፣ ሞቅ ብሎት፣ ባዶ እጁን መጣ። «ባር ነው ያልሽኝ» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። «እኔም ገርሞኝ ነበር፤ ግን የሚስት ቃል ነው ብዬ ታዘዝኩ።»

አውቶቡስ ላይ ሲሄዱ ሐሜታቸው ለጉድ ነበር። እሷ ድምፅ ሳታወጣ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰውዬ ሳታይ፣ በከንፈሯ ብቻ «የዚህ ሰውዬ ፀጉር እኮ የተገዛ ነው» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ሰው እንደሚሰማው ይረሳና ጮክ ብሎ «ኧረ በይ! እኔ እኮ የራሱ መስሎኝ!» ይላል። አውቶቡሱ ሙሉ ወደ ሰውዬው ይዞራል። እሷ ስታፍር፣ እሱ ሲስቅ፣ ከመውረጃቸው ሁለት ፌርማታ ቀድመው ይወርዳሉ። ትዳራቸው ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ጥርሶቿ ካለቁ በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባች። የላይኛው ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ እንደ ምንም ያዘ። የታችኛው ግን ሁለቱን ክራንቻዎች ተደግፎ ይቀመጥ ተብሎ ቢሠራም ከጅምሩ አልተዋደደላትም፤ ምራቋ ላይ ይንሳፈፋል። አንድ ቃል ለመናገር መጀመሪያ ከንፈሯን ገጥማ ጥርሱን ቦታው ትመልሳለች፣ በምላሷ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ትናገራለች። ለሚሰማ ሰው ትንሽ የሚንተባተብ ድምፅ ነው እንጂ ይገባል። ለባሏ ግን ንባቡ ጠፋበት። እያንዳንዱ ቃል በተገጠመ ከንፈር ስለሚጀምር ሁሉም በ«መ» የሚጀምር መሰለው። በአንድ ምሳ ላይ ስምንት ጊዜ «ምን አልሽ?» ይላል። እሷ አፈረች። ጥርሱ ሲወላገድ እንዳይታይባት አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች።

«እጅሽን አውርጂ!» ይላታል። «በሩን ዘግተሽ ግባ ትይኛለሽ እንዴ?»

በዚህ መሐል ነው ያ ጠዋት የመጣው። ልጃቸው ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበር። ስልክ ተደወለ፤ አማቻቸው ነው፤ ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ እናትም ሕፃንም ደህና ናቸው አለ። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ወርውራ እየሮጠች ወደ ጓሮ ወጣች። ባሏ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ትከሻውን ያዘችው። ከደስታዋ ብዛት እንባዋ ይወርዳል። «ወለደች! ልጃችን ወለደች!» አለችው፤ ግን ከመናገሯ በፊት፣ እንደለመደችው፣ ጥርሱን ለመያዝ ከንፈሯን ገጥማ ነበር።

እሱ ያየው «ሞተች» የሚለውን ነው። የሚያለቅስ ፊት፣ የተገጠመ ከንፈር፣ ሞተች።

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ልኩን የማያውቅ ጩኸት ነበር። እሷ ደንግጣ «ወለደች እኮ ነው! ወለደች!» ትላለች፤ በተናገረች ቁጥር ግን ከንፈሯ ይገጥማል፤ እሱም በተናገረች ቁጥር ይብሳል። ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ ወጣ። መጨረሻ ላይ ጥርሶቹን ከአፏ አውጥታ መሬት ላይ ጣለችና ሁለት እጇን አጣምራ ሕፃን የምታቅፍ፣ የምታወዛውዝ መሰለችለት። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው አልሳቀም። ተነስቶ ጥርሶቹን ከአቧራው ላይ አነሳ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ ሰጣት፣ ቤት ገብቶ ተኛ። የልጅ ልጁ የተወለደችበትን ቀን እንዲህ አድርጎ አሳለፈው።

ልጃቸው ይህን ስትሰማ አራስ ቤት ሆና አለቀሰች። ስትነሳ መጥታ እናቷን ወደ አንዲት የጥርስ ሐኪም ወሰደቻት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፈጣን፣ ተጫዋች። አፏን በትንሽ መስታወት ካየች በኋላ ሁለቱን ክራንቻዎች በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«እማማ፣ እነዚህን ሁለቱን አልነቅላቸውም» አለች። «ከድዱ ጋር እኩል አድርጌ እቆርጣቸውና ሥራቸውን ድዱ ውስጥ አስቀራለሁ። ሥሩ ላይ ስስ የብረት ክዳን እገጥማለሁ። ከሰው ሠራሹ ጥርስ በታች ደግሞ ምስር የሚያካክሉ ሁለት ማግኔቶች እቀብራለሁ። ጥርሱ ሲገባ ማግኔቱ ብረቱን ጠቅ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ መንሳፈፍ የለም።»

«ታዲያ ማንኪያ ስጎርስስ ማንኪያው አይጣበቅብኝም?»

«ማግኔቱ ፊቱን ወደ ድድዎ አዙሮ ነው የሚቀመጠው፤ ከማንኪያው ጋር አይተያዩም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሰብስባ «ግን አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «ይሄ ሁሉ ሥሮቹ እስካሉ ነው። ሥሮቹም ጠንካራ አይደሉም። ስንት ዓመት እንደሚቆዩ ቃል አልገባም።»

ልብስ ሰፊዋ «ጠቅ አድርጎ ይይዛል» የሚለውን ይዛ ሄደች። ሌላውን ልጇ ሰማችው፤ እሷ አልሰማችውም።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። ጥርሱ የተገጠመ ዕለት ባሏም አብሮ መጥቶ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው። ሐኪሟ የታችኛውን ጥርስ ወደ አፏ አስጠጋችው። እጇን ገና ሳትለቅ ጥርሱ ራሱ ዘሎ ገባ፤ ጠቅ። ልብስ ሰፊዋ ምላሷን አንቀሳቀሰች። ጥርሱ አልተነቃነቀም። ወደ ባሏ ዞረች። ለዚህ ቀን ምን እንደምትለው ስታስብ ከርማ ነበር፤ ትልቅ ትልቅ ነገር አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን ድምፅ ሳታወጣ፣ እንደ አውቶቡሱ ጊዜ፣ በከንፈሯ ብቻ፦

«የዶክተሯን ካልሲ እየው፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ» አለችው።

ባሏ ወደ ሐኪሟ እግር ጎንበስ አለና «እውነትም!» ብሎ ጮኸ። ሐኪሟ ካልሲዋን አይታ ክው አለች። ሁለቱ ሽማግሎች እዚያው ክፍል ውስጥ እስኪያነቡ ሳቁ። ሐኪሟም አብራ ሳቀች።

አሥራ አንድ ወር እንዲህ ኖሩ። የቀረባቸውን ወሬ በሙሉ አካካሱት። ያላወቀውን የአንድ ዓመት ጉድ፣ ማን አገባ፣ ማን ተፋታ፣ ማን ከማን ጋር ተኳረፈ፣ በየማዕዱ እየመነዘረች ነገረችው። ቀን ቀን አፏን ለማሳረፍ ጥርሱን አውጥታ መስፊያው ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ዘወር ብላ ስትመለስ ማግኔቶቹ በዙሪያው ያለውን መርፌ ሁሉ ስበው ጥርሱን ጃርት አስመስለውት ታገኘዋለች። ባሏ «ለክፉ አማት የሚሆን ጥርስ ነው» ይል ነበር።

ከዚያ አንድ ሰኞ አፏን ብረት ብረት አላት። ረቡዕ በግራ በኩል ድዷ አበጠ። ሐኪሟ ፎቶ አንስታ ብዙ ቆይታ ተመለከተችው።

«የግራው ሥር ለሁለት ተሰንጥቋል» አለች። «ከመንቀል ሌላ መንገድ የለኝም።»

ተነቀለ። አንድ ማግኔት ቀረ። ጥርሱ በአንድ ማጠፊያ እንደቀረ በር በቀኝ በኩል ተይዞ በግራ ይወዛወዛል። ልብስ ሰፊዋ በቀኝ በኩል ብቻ መናገር፣ በቀኝ በኩል ብቻ ማኘክ ተማረች፤ አፏ ተጣመመ። ባሏ አንገቱን ወደ አንድ በኩል አዘንብሎ ያነባት ጀመር፤ ግማሹን ያገኛል፣ ግማሹን ይገምታል። ጫናው ሁሉ የተከመረበት የቀኙ ሥር ደግሞ አምስት ወር እንኳ አልቆየም። እየላላ እየላላ ሄዶ አንድ ቀን ጥርሷን ስታወጣ ሥሩ ከነብረት ክዳኑ ማግኔቱ ላይ ተጣብቆ አብሮ ወጣ። አላመማትም። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሌላ ማግኔት የለም?» አለቻት ሐኪሟን።

«ማግኔትማ ሞልቷል፣ እማማ። የሚይዘው ነው የጠፋው።»

«መንጋጋዬ ላይ ብሎን ይመታል ብላኛለች ልጄ። በስልክ አይታ።»

ሐኪሟ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስታ አሳየቻት። የታችኛው መንጋጋ አጥንቷ እንደ እርሳስ ቀጥኖ ይታያል። «እዚህ ላይ ብሎን ባስገባ መንጋጋዎት ለሁለት ይሰበራል። ብችል አደርገው ነበር» አለች። በዚያን ቀን አልቀለደችም። የሚለጠፍ ማጣበቂያ ሰጠቻት፤ ማጣበቂያው እስከ ረፋድ ይይዝና እንደ ሙጫ ቀልጦ ምላሷ ላይ ይቀራል።

ባሏ አልተቆጣም፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ «ምን አልሽ?» እያለም አላስቸገራት። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ «እሺ» ይላል፣ ፈገግ ይላል። ለመደ ማለት ነው ብላ ደስ አላት። አንድ ቀን ግን ምሳ እየበሉ ስለ ሱሪ ዚፕ ስታወራለት ፈገግታው ያለ ቦታው መጣ። ጠረጠረች። ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ ፊቷን ምንም ሳትለውጥ፣ «የጎረቤታችን ቤት ተቃጥሏል፤ ሰዎቹም አልተረፉም» አለችው።

«እሺ፣ እሺ» አለ ፈገግ ብሎ። «ጥሩ ነው።»

ምግቧን መጨረስ አቃታት። ለስንት ሳምንት እንዲህ ሲነቀንቅላት እንደኖረ አሰበች። እሷን ላለማሳፈር ነበር። ብትቆጣው እንኳ የቁጣዋን ምክንያት አይሰማም።

ደብተር ገዙ። ባሏ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረው፤ ፊደል እየቆጠረ ነው የሚያነበው፤ ዓይኑም ደክሟል። ለሐኪም ቀጠሮና ለሱቅ ዕቃ ደብተሩ በቃ። ለወሬ ግን አልሆነም። እሱ የአንዱን ሰውዬ ፀጉር ነገር አንብቦ እስኪጨርስ ሰውዬው ከአውቶቡስ ወርዶ ቤቱ ይገባል። «ይሄ እኮ ወሬ አይደለም» አለ አንድ ጊዜ፣ የጻፈችለትን እያየ። «ይሄ ደረሰኝ ነው።» ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ላይ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ ያያል።

ሳሉ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የብየዳ ጢስና የብረት ብናኝ ለሠላሳ ዓመት የጠጣ ሳንባ ነው። ሆስፒታል ሄዱ፤ ተመረመረ። ውጤቱን ሐኪሙ ሲነግራት ባሏ አጠገቧ ነው፤ እንደ ልማዱ የሐኪሙን አፍ ትቶ የእሷን ያያል፣ እስክትደግምለት ይጠብቃል። እሷ ጥርሷን በምላሷ ያዘችና ደገመችለት። ሙሉውን ደገመችለት፤ ሳንባው መሆኑን፣ እንደማይድን፣ የቀረው ሦስት ወር ቢሆን ነው መባሉን።

«እሺ» አለ ባሏ። ፈገግ አለ። «እንሂድ በቃ?»

ሐኪሙ ጀግንነቱን አይቶ ተደነቀ። ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ይዛ ወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ደብተሩ ነበር፤ እስክሪብቶውም ነበር። አላወጣችውም። ዛሬ ይለፍ አለች። በማግስቱም ዛሬ ይለፍ አለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ልጃቸው ሕፃኗን ይዛ መጣች፤ አባቷን አቅፋ አልለቅም አለች። እሱ ከአንዷ ወደ አንዷ ያያል። አንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ደብተሩን አምጥቶ መስፊያው ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቁ አናት ላይ አስቀመጠላት።

«ጻፊው» አላት።

ጻፈች። አራት ቃል ነው። እሱ መነጽሩን አደረገና ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ድምፅ ሳያወጣ ማንበብ አያውቅም። «ሳ… ን… ባ… ህ። ሳንባህ።» ቀና ብሎ አያት፤ ልክ ነህ እንድትለው። ነቀነቀችለት። «አ… ይ… ድ… አይድ… ን… ም። አይድንም።» ሦስተኛው ላይ ቆየ። «ሦ… ስት ወር።» የሰፈር ሰው በመንገድ ሲያልፍ እየሰማ፣ የራሱን ፍርድ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል በፊደል አነበበ።

መነጽሩን አወለቀ። «መቼ ነው የነገሩሽ?»

ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፈች። ቆጠረው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻሽን?» አለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ» አለች። «ነገርኩህ።» አፏን አየ፤ ምንም አልያዘለትም። ደብተሩን ዘግቶ ጓሮ ወጣ።

ሐኪሙ ካለው ብዙም አልዘገየም፤ ከዚያ ቀን በኋላ አሥር ሳምንት ነው የቆየው። ድምፁ ደከመ እንጂ ወሬው አልደከመም፤ ተኝቶ ያወራል። ላሜራ ቤት የወደቀበትን ታንከር፣ የታላቅ ወንድሙን ሠርግ፣ ያን የማር ቀን ያነሳል፤ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ማር እንዳልሽኝ አውቄ ነበር» ይላታል። እሷ ትመልስለታለች። ሲጠይቃት ትመልሳለች፣ ሲቀልድ ትሰድበዋለች። እሱ አፏን እያየ ይጠብቃል፤ ከንፈሯ ሲቆም «ይሁን» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ደብተሩን በዚያን ጊዜ ሊያነበው አይችልም ነበር፤ ዓይኑ ማየት ተስኖታል።

በመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ፣ ማጣበቂያው ገና ሳይቀልጥ፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ነገረችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እያስቀመጠች ነገረችው። ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ነበር።

«ምን አልሽ?» አለ።

ደገመችለት። ሦስት ጊዜ ደገመችለት። ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም፤ እኩለ ቀን ላይ አረፈ።

ምን እንዳለችው ልጇ ብዙ ጊዜ ጠይቃታለች። አልነገረቻትም። ልብስ ሰፊዋ አሁንም ትሰፋለች፤ ክሩን በመቀስ ትቆርጣለች። የታችኛውን ጥርስ ትታዋለች፤ የሚያናግራት ሰው ቢመጣ መለኪያውን አንስታ በእጇ ታሳየዋለች እንጂ ብዙ አትናገርም። ልጇ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «እማዬ፣ መስመሩ ነው አፍሽ ነው? ምንም አይገባኝም» ትላለች። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የልጅ ልጇ ከወዲያ ስትንጫጫ ትሰማለች። ስትጨርስ ትዘጋዋለች፤ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ፔዳሉን ትረግጣለች።